በእርጥበት የሚደርቅ

ዛሬ ወለሉ አልቦታል፣
የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ረጥቦ ተላጧል።
ጎረቤቴ ወይዘሮ ንጋ ሰማዩን ትረግማለች፣
«ሻገተ ያለኝ ልብስ ሁሉ!» ትላለች።
እኔ ግን እጄን እያፋተግሁ ቆሜያለሁ በደስታ፤
ሃኖይ በመጋቢት ካፊያ ስትርስ ጠዋት ማታ
ጣውላዎቼ ይደርቃሉ፣ ያለ አንዳች ኮሽታ።

ና ታክ፣ ጫማህን አውልቅ። ክንድህ አበጠ? አትከከው፤
ሙጫው አዲስ ሰው ሲያገኝ ቀምሶ ነው የሚለምደው።
እኔን ሦስት ወር በልቶኛል፤ ዐይኔ ተደፍኖ፣ ፊቴ አብጦ፤
መምህሬ ኩዌ አየኝና «ወደደሽ» አለ፣ ያፉን ሩዝ ተረጋግቶ አላምጦ።

ሌላው ቀለም ፀሐይ ይሻል፤ የዚህ ጠባዩ ሌላ፤
እርጥበት ካላገኘ አይደርቅም፣
ጨለማ ካልሸሸገው አይበስልም፤
እርጥብ ጆንያ አልብሰን እናስተኛዋለን ከቁም ሳጥኑ ኋላ።

ነጭ ደግሞ የለውም።
የፈለግከውን ነጭ ጨምርበት፣ የቀዘቀዘ ሻይ መስሎ ይወጣል፤
ስለዚህ የዳክዬ እንቁላል።
የሩዝ ገንፎ ሻጯ ሉየን ቅርፊቱን በፌስታል ታኖርልኛለች፤
በጥፍሬ ጫፍ እሰብራለሁ፣ ስንጥቁን እያየሁ እተክላለሁ፣
አንዳንዷ ስባሪ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች።
ይህች ሽመላ፣ ክንፏን ዘርግታ የምታያት፣
የሰፈሩ ሰው ቁርስ ናት።

አሁን የሚከብድህ ይሄ ነው፤
ካማረች በኋላ እንቀብራታለን።
ጥቁር፣ ከዚያ ቀይ፣ የብር ቅጠል፣ እንደገና ጥቁር እናለብሳታለን፣
አሥራ አንድ ጊዜ።
በበሩ የሚያልፍ ሰው «ጥቁር ጣውላ» ቢል እውነቱን ነው።
ከዚያ ውሃና ከሰል ይዘህ ቁጭ ትላለህ፤
ሌላው ሠዓሊ እየጨመረ ይስላል፣ አንተ እየፋቅህ ታገኛለህ።

«ምን ያህል ልፋቅ?» ብዬ ነበር ኩዌን፣ አንድ ጊዜ።
መልስ የሚባል ነገር አይወድም። ጆሮዬን ቆንጥጦ ያዘና
ወደ ጣውላው አስጠጋው፣ እጄን በእጁ ጨበጠና
ፈቀፈቅን።
ጥቁሩ ድምፅ የለውም። ቀዩ በትንሹ ያጉረመርማል።
ቅርፊቱ ሲደረስበት፣ በእንቅልፉ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ልጅ፣ ይንቀጫቀጫል።
ብሩን ግን ተጠንቀቅ፤ እሱን ሰማሁ ስትል አልፈኸዋል።

ጆሮዬ ሳይበስል አንድ የባንክ ሥራ መጣልኝ፤
ሙሉ ጨረቃ በወንዝ ላይ። ቀብድም ሰጡኝ።
የቤት ኪራይ እያሰላሁ፣ እጄ ብቻውን ሲሄድ፣ ሲሄድ፣
ጨረቃዋን በስቼ ወረድኩ
እስከ ሥረኛው ጨርቅ ድረስ፣ ጣውላው ላይ መጀመሪያ እስከለጠፍኩት።
ባንኩ አልተቀበለኝም። ኪራዩን ከአክስቴ ተበደርኩ፤
ጣውላውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሁለት ዓመት ከረምኩ።

አንድ ቀን የንጋ ድመት ጣለችው።
ላነሳው ጎንበስ ስል፣ በጨረቃዋ ቀዳዳ
የጨርቁ ድርና ማግ ታየኝ፤ በማለዳ
ያልተሳበ መረብ መሰለኝ፣ ቀዩ ወንዝ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ።
እንደ ጎንበስኩ ቀረሁ። እግሬ እስኪደነዝዝ።

ከዚያ ወዲህ በየሥዕሌ አንድ ቦታ እስከ ጨርቁ እወርዳለሁ፤
ነጋዴዎቹ «የዚየፕ ስልት» ሲሉ እሰማለሁ።
ስልት ምን መሰለህ፣ ታክ፤
ያፈርኩበት ቦታ ነው፣ አውቄ የተመለስኩበት።

የመጨረሻው ማለስለስ በመዳፍ ነው፤ የከሰል ዱቄት፣ ጠብታ ዘይት፣ የራስህ ቆዳ።
ባለፈው መታወቂያ ላሳድስ ብሄድ ማሽኑ አሻራዬን አጣው፤
ልጅቷ ሦስቴ አስጫነችኝ። «እትዬ፣ ጣትዎ ምን ሆኖ ነው?»
ምን ልበላት? ሽመላ ላይ ቀርቷል?

መቼ ያልቃል አልክ?
እጅህን አምጣ። እዚህ ጋ፣ ከአንገቷ ሥር፣ በቀስታ። ሰማህ?

አልሰማህም።
ግድ የለም። ውሃው ጠቁሯል፤ ለውጠህ ና።